ማርና የብረት ኪኒን፤ በአርሲ ደጋ ስለ ልጃገረዶች ደም ማነስ በሚነገረው ላይ የቀረበ ሒስ

በአሰላ ከተማና በአካባቢዋ ባለው ደጋ፣ አንዲት ልጃገረድ ፊቷ ገርጥቶ፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ እየመታ፣ በትምህርት ሰዓትም ራሷን በእጇ ደግፋ ስታንቀላፋ የታየች እንደሆነ «ደም አንሷታል» ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ማር ነው። ማሩ በጠዋት በባዶ ሆድ በማንኪያ ይላሳል፤ ወይም በለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ይሆናል፤ ወይም ከአብሽ ጋር ይጠጣል። ይህ ምክር ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ እኛ ልንሣለቅበት አልተነሣንም። ለመመርመር ያነሣሣን፣ ምክሩ ዛሬ ሌላ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። ማር ደምን መተካቱ በሳይንስ ተረጋግጧል እየተባለ ይነገራል። ይህንን ከሚናገሩት መካከልም ያልተማሩት ጥቂቶች፣ የተማሩት ብዙዎች ናቸው። ከሐኪም የተሰጣትን የብረት ኪኒን በሣጥኗ ሥር አስቀምጣ፣ ለኪስ ከተላከላት ገንዘብ ማር የምትገዛ ተማሪ አይተናል። ስለዚህ ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ ሊሆን አልቻለም።

በመጀመሪያ ስለ ልኩ እንናገር። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የወር አበባ የምታይ ሴት በየወሩ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ደም ይፈሳታል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብረት ስላለ፣ በወር ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም የሚደርስ ብረት በዚህ መንገድ ብቻ ይወጣል ማለት ነው። በቆዳና በአንጀት በኩል በየቀኑ የሚጠፋው ለብቻው ነው። አንጀት ከምግብ ከሚቀርብለት ብረት የሚወስደው ጥቂቱን በመሆኑ፣ በአሜሪካ ያሉ የሥነ ምግብ ሊቃውንት ለአንዲት ወጣት ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ብረት ከምግብ እንድታገኝ ይመክራሉ።

ማር ስንት አለው? በምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ላይ የሚገኘው ቁጥር በ100 ግራም ማር 0.42 ሚሊግራም ብረት ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ማር ውስጥ ከአንድ ሚሊግራም ዐሥረኛ እጅ እንኳ የማይሞላ ብረት አለ ማለት ነው። የቀኑን 18 ሚሊግራም ከማር ብቻ ለማግኘት የምትፈልግ ልጃገረድ በቀን ከአራት ኪሎ በላይ ማር መብላት ይኖርባታል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው አንዱ ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረት ይዟል፤ ይህንን ከማር ለማግኘት ዐሥራ አራት ኪሎ ያስፈልጋል። የጠቆረ ማር ከነጣው ማር ይልቅ ማዕድን እንደሚበዛበት እናውቃለን፤ ተከራካሪዎቻችንም ይህን ማንሣታቸው አይቀርም። ይሁን፤ የአገራችን ጥቁር ማር በሠንጠረዡ ካለው ዐሥር እጥፍ ብረት አለው ብለን በልግስና ብንቆጥርለት እንኳ የቀኑ ድርሻ ከአራት መቶ ግራም በላይ ነው። በአርሲ ይህን ያህል ማር በየቀኑ ለሴት ልጁ የሚያቀርብ ቤት ካለ፣ ልጅቱ ሥጋና ጉበትም አታጣምና ምክራችን አያስፈልጋትም።

ለማር የሚከራከሩ ሰዎች ግን ስለ ብረቱ መጠን ሲጠየቁ መንገድ ይለውጣሉ። ማሩ ብረት ባይኖረውም ብረትን ወደ ደም ያስገባል፣ ደምን ያነቃቃል ይላሉ። ለዚህም ምስክር አድርገው የሚጠሩት ኑሪ አል-ዋይሊ የተባሉ ተመራማሪ በ2003 ያሳተሙትን ጥናት ነው። ጥናቱን እኛም ተመልክተነዋል። ዐሥር ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በተወሰነ ምግብ ቆይተው፣ ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደታቸው 1.2 ግራም ማር በውሃ ተበጥብጦ በየቀኑ ተሰጣቸው። በመጨረሻ ደማቸው ሲመረመር በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለው ብረት በ20 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በየቦታው የሚጠቀሰው ይህ 20 ከመቶ ነው።

የማይጠቀሰው ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ፌሪቲን የተባለው በ11 ከመቶ መቀነሱ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለሕክምና ተማሪ ላልሆነው አንባቢ እንግለጥ። በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ብረት በመንገድ ላይ እንዳለ የአህያ ጭነት ነው፤ ጠዋት የታየው ማታ አይገኝም፤ ከምግብ በኋላ ይበዛል፣ ሰው ሲታመም ያንሳል። ፌሪቲን የሚያሳየው ግን በጎተራ ያለውን ነው። የአንድን ቤት ሀብት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጎተራውን ያያል እንጂ በዚያች ሰዓት በበሩ የሚያልፉትን አህዮች አይቆጥርም። መንገዱ ላይ ያለው ጭነት በዝቶ ጎተራው ከጎደለ፣ «ቤቱ ከበረ» ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? እኛ ግን በዚህ ተነሥተን ማር ጎተራን ያጎድላል አንልም። ዐሥር ሰው ለዚህም ሆነ ለዚያ ፍርድ አይበቃም። ከዚህም በላይ ሰዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ደም ያነሳት ልጃገረድ በመካከላቸው አልነበረችም። ከእነርሱ ጋር የሚነጻጸርና በማሩ ፈንታ ስኳር በውሃ የጠጣ ሌላ ወገንም አልነበረም። ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነ ልጃገረድ በዚህ ልክ 60 ግራም ማር ትጠጣለች፤ በውስጡ ያለው ብረት ሩብ ሚሊግራም ያህል ነው። ጥናቱ ለሌላ ጥናት መነሻ ሊሆን ይችላል። አዋጅ አድርጎ ያነገሠው ግን አንባቢው ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ ነው። በዚያ አገር የአዋላጅነት ትምህርት ቤቶች ለወጣት ልጃገረዶች ማርንና የብረት ኪኒንን አንድ ላይ የሚሰጡ ትንንሽ ጥናቶችን ያወጣሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ያለውን ልጃገረዶች መርጠው፣ ሁለቱን አብረው ሰጥተው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ለክተው ከፍ ማለቱን ይዘግባሉ። ስሕተቱ ከሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ ኪኒኑ ብቻውን ሄሞግሎቢንን እንደሚያነሣ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ስለሆነ ማሩ ምን እንደጨመረ ከዚህ ማወቅ አይቻልም። ሁለት ሰዎች ድንጋይ ሲያነሡ አይተን አንዱ ሕፃን ቢሆን፣ ሕፃኑ ድንጋይ ያነሣል ብለን አንመሰክርም። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ልኬት ዝቅ ብለው የተገኙትን ብቻ ለይቶ እንደገና የሚለካ ሰው ምንም ሳይሰጣቸው እንኳ በአማካይ ከፍ ብለው ያገኛቸዋል፤ ምክንያቱም ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በዚያ ቀን ዝቅ ያሉት በአጋጣሚ ነውና። የሚነጻጸር ወገን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኪኒን ብቻ የሚወስድ ወገን ያቋቋሙ ጥናቶችም አሉ፤ በእነዚያም ቢሆን ማር የተሰጣቸው ልጃገረዶች ኪኒናቸውን ይበልጥ በትጋት ውጠው እንደሆነ ካልተቆጠረ፣ የተገኘው ልዩነት የማሩ ነው ወይስ የተዋጠው ኪኒን ብዛት ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን፤ በእኛ አስተያየት የማር እውነተኛ ጥቅም የተሸሸገው እዚሁ ላይ ነው።

በደንብ የተሠራ ጥናት ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኢንዶኔዥያ መሄድ አያስፈልግም። በትግራይ ተደርጎ በ1999 በላንሴት መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ። ቤተ ሰቦች በዕጣ ተለይተው ለአንዱ ወገን የብረት ድስት፣ ለሌላው የአሉሚኒየም ድስት ሆነ፤ ከዓመት በኋላ የትንንሽ ልጆቻቸው ደም ተለካ። በብረት ድስት ከሚበሉት ልጆች ሄሞግሎቢን በአማካይ 1.7 ግራም በዴሲሊትር ሲጨምር፣ የብረት ድስት በሌላቸው ዘንድ የጨመረው 0.4 ብቻ ነበር። ይህች 0.4 ታላቅ አስተማሪ ናት፤ ምንም ባይደረግ ስንት ይጨምር እንደነበረ የምትናገር እርስዋ ናትና። የተጠኑት ሕፃናት እንጂ ልጃገረዶች ስላልሆኑ ውጤቱን ሳንመረምር ወደ አሰላ አናመጣውም። የአሠራሩን ሥርዐት ግን ማምጣት ይቻላል።

ለማር የሚከራከሩትን ብቻ ብንወቅስ አድልዎ ይሆንብናል። ማር ደም ነው የሚለው አስተሳሰብ የሠራውን ስሕተት ሊቃውንትም በሌላ መንገድ ሠርተውታል። በ1960ዎቹ ዓመታት ስዊድንና ኢትዮጵያ በሕፃናት ምግብ ጥናት አብረው ይሠሩ በነበረበት ጊዜ፣ ይንግቬ ሆፍቫንደር የተባሉ ስዊድናዊ ሐኪም የኢትዮጵያውያንን ደም መርምረው በ1968 ሰፊ መጽሐፍ አወጡ። የመጽሐፉም አንዱ ዋና ነገር የሕዝቡ ምግብ ብረት የበዛበት መሆኑ ነበር። ከጤፍ ጋር የተያያዘው ይህ ቁጥር እየተደጋገመ ሲጠቀስ ኢትዮጵያዊት ሴት የብረት እጥረት አያገኛትም የሚል አስተያየት ተከተለ። ነገር ግን ከጤፉ ብረት ብዙው የአውድማ አፈር ነው። በሬ በአፈር ላይ ሲያበራየው ከእህሉ ጋር የሚቀላቀለው ብረት በላቦራቶሪ ይቆጠራል፤ አንጀት ግን ከዚህ የሚወስደው እጅግ ጥቂት ነው። ጀማል ሃይደር ከባልደረባቸው ጋር በ2009 ያወጡት ጥናት ርእሱ ራሱ መልስ ነበር፤ በመውለጃ ዕድሜ ባሉት የኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ የብረት እጥረት ደም ማነስ ብርቅ ነገር እንዳልሆነ ይናገራልና። በማር ላይ የተሠራው ስሕተትና በጤፍ ላይ የተሠራው ስሕተት ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ከሳሕን ወደ ደም ያለውን መንገድ ረስተዋል።

በአርሲ ደግሞ መንገዱ የራሱ ዳገት አለው። በጭላሎ ሥር ያለው አገር የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም ስንዴውን ይበልጥ አስፋፍቶታል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ፋይቴት የተባለ ብረትን አስሮ የሚያስቀር ነገር አለ። እንጀራ ሲቦካ ይህ ነገር ይቀንሳል፤ ሳይቦካ በሚጋገር ቂጣ ግን አብዛኛው እንዳለ ይቀራል። ቀጥሎ ቡናው ይመጣል። በ1983 በአሜሪካ በተደረገ ፈተና ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ከምግቡ የሚወሰደውን ብረት በ39 ከመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 ከመቶ ቀንሶታል። በዚያው ፈተና ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ። ቡና በአገራችን ምግብ ከበሉ በኋላ መፈላቱን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቁጥር ከማሩ ቁጥር ይልቅ ሊያሳስበው ይገባል። አያቶቻችንን ቡና ተዉ የሚል ደፋር በመካከላችን የለም፤ ኪኒኑን ከቡናው ማራቅ ግን ማንንም አያስቀይምም።

ስለ ደጋው ከፍታም ሳንናገር አናልፍም፤ በዚህ አገር ስለ ደም ማነስ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ የሚሰናከልበት ድንጋይ ይህ ነውና። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይገኛሉ። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰን 12 ግራም በዴሲሊትር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለብዙ ዓመታት በሠራበት ሠንጠረዥ በ2,000 ሜትር ላይ 0.8፣ በ2,500 ሜትር ላይ 1.3 ግራም በዚህ ላይ ይጨመራል፤ ድርጅቱ በ2024 ሠንጠረዡን እንደገና አሻሽሎታል። እንግዲህ ሄሞግሎቢኗ 12.5 የሆነ የአሰላ ልጃገረድ ከፍታው ካልታሰበ ጤነኛ፣ ከታሰበ ደም ያነሳት ትባላለች። ልጅቱ አንድ ናት፤ ደሟም አንድ ነው። ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ። በ2002 ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩትን አማሮች መርምረው ሄሞግሎቢናቸው እንደ ቆላ ሰው ሆኖ አገኙት። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በባሌ ከፍታ ላይ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ከአማሮቹ ይልቅ ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን እንዳላቸው አሳየ። ስለዚህ አንዱ ሠንጠረዥ ለሁሉ እኩል ይስማማል ብሎ መማል አይቻልም። የመላው አገር ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ደም ያነሳቸውን በ2005 ከመቶ 27፣ በ2011 ከመቶ 17፣ በ2016 ከመቶ 24 አድርጎ ዘግቧል። ይህ መውጣትና መውረድ ድርቅንና የኑሮን ችግር ቢያመለክትም፣ የአንዲቱን የአሰላ ልጅ ጉዳይ ግን አይነግረንም። ለእርስዋ ፌሪቲኗ መታየት አለበት፤ የደም ማነስ ሁሉም ከብረት ማጣት አይመጣምና። ወደ ስምጥ ሸለቆው ቆላ ወርዳ የወባ ትኩሳት ይዟት የተመለሰች፣ ወይም የሆድ ትል ያለባት ልጅ በኪኒን ብቻ አትድንም፤ በማርማ እንዴት ብላ።

አሁን ወደ ኪኒኑ እንምጣ። የዓለም የጤና ድርጅት ከመቶ ሃያና ከዚያ በላይ የሆኑት ሴቶች ደም ባነሳቸው አገር፣ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶችና ልጃገረዶች በሳምንት አንድ ጊዜ 60 ሚሊግራም ብረትና 2.8 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ለሦስት ወር እንዲሰጥ፣ ለሦስት ወር እንዲቋረጥ፣ ከዚያም እንዲቀጥል መክሯል። ኪኒኑ ግን የሚወደድ ነገር አይደለም። ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይነ ምድርን ያጠቁራል፤ ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ ያልተነገራት ልጅ ሥጋዋ የተበላሸ መስሏት ብትጥለው አንፈርድባትም። በ2017 በስዊስ የብረት ጎተራቸው የጎደለ ወጣት ሴቶች ተጠንተው ነበር። 60 ሚሊግራሙን በየቀኑ የወሰዱት ከብረቱ 16.3 ከመቶ፣ በየሁለት ቀን አንድ ጊዜ የወሰዱት 21.8 ከመቶ ወደ ሰውነታቸው አስገቡ። ይህም ከአንድ ኪኒን 13 ሚሊግራም ያህል ነው። በወር አበባ የሚጠፋውን ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም አንባቢው ያስታውስ፤ ሁለት ኪኒን ይበቃዋል። ለመከላከል በሳምንት አንድ የሚባለው መንገድም ለአሰላ ተማሪ ከማርም ከየቀኑ ኪኒንም ይልቅ የሚቀልል መስሎ ይታየናል። የታመመችዋ ግን ሐኪሟ ባዘዘላት ልክ ትወስዳለች።

ማሩስ ይጣል? አይጣልም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የልጃገረዶች ደም ማነስ «አረንጓዴ በሽታ» ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ብሎድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የብረት ኪኒን አዘጋጀ። ችግሩ ግን ብረቱ በአየር ሲመታ ይዝጋል፣ የዛገውም ለአንጀት አይመችም ነበር። ቫሌ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ፣ መድኃኒት ቀማሚ፣ ብረቱን በማርና በስኳር ለውሶ ከዝገት ጠበቀው፤ የቫሌ ልውስ እየተባለ በመድኃኒት መጻሕፍት ገብቶ ለብዙ ጊዜ ተሠራበት። እዚያ ማሩ አቃፊ ሆኖ ብረቱን ጠበቀ፣ የሚጎመዝዘውንም አጣፈጠ። መድኃኒት ነኝ ብሎ ግን አልተነሣም። ዛሬም በአሰላ ማር ይህንኑ ቢያደርግ እናመሰግነዋለን፤ ኪኒኑን የምትጠላ ልጅ ውጣ በላዩ አንድ ማንኪያ ማር ብትልስ፣ ማሩ ያስዋጣት ኪኒን ደሟን ያነሣዋል።

በአሰላ ገበያ አንዲት ማር ሻጭ ጠይቀን ነበር። «እናቴ፣ ይህ ማር ለደም ይሆናል?» ስንላቸው ጥቂት ሳቁና «ለሳል ነው የምሸጠው ልጆቼ፤ የደሙን ሐኪም ያውቃል» አሉን። ጥናት እየጠቀሱ ማርን ደም ካደረጉት ጓደኞቻችን ይልቅ እኚህ ሴት የሚሸጡትን ነገር ወሰን ያውቃሉ።

ነገሩ በአሰላ ይጠና ቢባል እንዴት ቢሆን ይሻላል ለሚለን አስተያየታችንን እንስጥ። ልጃገረዶቹ በዕጣ በሦስት ወገን ይከፈሉ፤ አንዱ ወገን ኪኒን ብቻ፣ አንዱ ኪኒንና ማር፣ አንዱ ኪኒንና መልኩ ከማር የማይለይ የስኳር ሽሮፕ ይውሰድ። ማር ብቻ የሚሰጠው ወገን አይኑር፤ ደም ያነሳትን ልጅ ለክርክራችን ብለን ከኪኒን ልንከለክላት አይገባንምና። ፌሪቲን በመጀመሪያና በመጨረሻ ይለካ፤ ሄሞግሎቢኑ በአሰላ ከፍታ ይታረም፤ የተዋጠው ኪኒንም በየሳምንቱ ይቆጠር። የማሩ ወገንና የሽሮፑ ወገን እኩል ሆነው ሁለቱም ኪኒን ብቻ ከወሰደው ወገን በልጠው ቢገኙ፣ የረዳው የማሩ ልዩ ኀይል ሳይሆን ጣፋጭነቱ ነው። ያን ጊዜ ማር ለመግዛት አቅም የሌላት ልጅ በስኳር ልትውጠው ትችላለች።